የከረሜላው ማሸጊያ ለወላጅ ይነበብ

ልጆች ትምህርት ቤት ደጃፍ ካሉ ሱቆች የሚገዙትን፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ባለቀለም ከረሜላ ማሸጊያ ገልብጦ ያየ ወላጅ የሚያገኘው በደቃቅ ፊደል የተደረደረ የባዕድ ቋንቋና ቁጥር ነው፤ ኢ102፣ ኢ110፣ ኢ129። እነዚህ ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠሩ ቀለሞች ናቸው። የቀረው ስኳር፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ጣዕም ሰጪና ጄላቲን ነው። ማሸጊያው ላይ የተሣለው እንጆሪ ብዙውን ጊዜ ከሥዕልነት አያልፍም። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንቴይሮ «እጅግ የተቀነባበረ» ብለው የመደቡት ምግብ ይኸው ነው፤ አብዛኛው ግብዓቱ ጓዳችን ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ቀለሞችና ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለው የምግብ ማቆያ የተቀላቀሉበትን መጠጥ ለልጆች ሰጥተው ሲያጠኑ፣ የመቅበጥበጥ ባሕርይ ጨምሮ አገኙት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ማስረጃው ውስን ነው ቢልም የአውሮፓ ኅብረት ቆሞ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ በጥናቱ ከተካተቱት ስድስት ቀለሞች አንዱ ያለበት ምግብ የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊጎዳ እንደሚችል ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገደደ። ቀለሞቹን አልከለከለም። ሆኖም ያ ጽሑፍ በምርታቸው ላይ እንዲታይ ያልፈለጉ ብዙ አምራቾች ወደ ቀይ ሥርና እርድ ዞሩ። አሜሪካ ደግሞ ቀይ ቁጥር 3 የተባለውን ቀለም ከመዋቢያ ምርቶች ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ከምግብ እንዲወጣ የወሰነችው በጥር 2025 ነው። ከንፈር ላይ እንዳይቀባ የተከለከለውን ልጆች 35 ዓመት ሲበሉት ኖሩ።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ከጤናም ያልፋል። ጄላቲን ከአሳማ ቆዳ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ይሠራል። ምንጩ ካልተገለጸ፣ ልጇን የምታስጾም ክርስቲያን እናትም ሐላል የምትሻ ሙስሊም እናትም እምነታቸው የማይፈቅደውን ሳያውቁ ለልጃቸው ይሰጣሉ። ይህ በደል ነው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የአውሮፓውን ዓይነት ማስጠንቀቂያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ማሸጊያው ፊት ላይ እንዲሰፍር፣ የጄላቲኑም ምንጭ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድድ። አስመጪዎች ወጪ ይበዛብናል ይሉ ይሆናል። ለአውሮፓ ገበያ ሲል ማሸጊያውን የሚቀይር ፋብሪካ ግን ለእኛ ልጆች የማይቀይርበት ምክንያት አይታየንም። ቁጥጥሩ ከጉምሩክ ኬላና ከአስመጪው መጋዘን ይጀምር። ባለሱቁን ማሳደድ ፋይዳ የለውም፤ እሱም የሚሸጠውን ማንበብ አልቻለም።