ጸጥ ያለ ኮምፒውተር የፈለገ ዋቱን ይጠይቅ

ዴስክቶፕ ለማስገጣጠም መርካቶ ወይም መገናኛ የሚሄድ ሰው ጥያቄው የታወቀ ነው። ራሙ ስንት ነው? ግራፊክስ ካርዱስ? «ስንት ዋት ይበላል?» የሚል ግን ብርቅ ነው። ኋላ ጆሮ የሚያደነቁረው ጩኸት መነሻው ያ ያልተጠየቀ ነገር ነው። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ በበዛ ቁጥር ፋኑ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ይጮኻል።

ስለዚህ ጸጥታ የሚገዛው ከፋኑ በፊት ከፕሮሰሰሩ ጋር ነው። የኤኤምዲን ራይዘን 7 7700 እና 7700ኤክስ እንይ። ሁለቱም ባለ ስምንት ኮር ናቸው፤ የመጀመሪያው 65 ዋት፣ ሁለተኛው 105 ዋት ተብለው ተመድበዋል። በዕለት ሥራ ላይ የፍጥነታቸው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም፤ የሙቀታቸው ግን በደንብ ይሰማል። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ ደግሞ እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ቢገዛው አይፈረድበትም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ግን ጉራ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እንደ ሌላው አገር ቢዞርም፣ የሳሳ አየር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ነፋሻው አየራችን በከፊል ይክሰናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያድነንም። በውኃ ማቀዝቀዝም ከዚህ አያስመልጥም፤ ውኃው ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚሁ አየር ነው፣ ፓምፑም የራሱ ድምፅ አለው። እኔ ብሆን ገንዘቤን ትልቅ ሂት ሲንክ ላይ አውለዋለሁ። የኦስትሪያው ኖክቱዋ የሚሠራው ኤንኤች-ዲ15 ባለ 140 ሚሊ ሜትር ሁለት ፋን አለው፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። እሱ ባይገኝ የሌላም ይሁን፤ ዋናው ስፋቱ ነው። ሰፊ ፋን ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ትንሹ በሩጫ የሚገፋውን አየር ይገፋል። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል።

ከዘመኑ ፋሽን ጋር የምጣላው ግን ኬዝ ላይ ነው። ፊቱ ድፍን መስታወት፣ ውስጡ የመብራት ጋጋታ! አየር በየት ይግባ? አፍን በነጠላ ሸፍኖ እንጦጦን እንደመውጣት ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ተነቅሎ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ኬዝ ይመረጥ። የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ቢበልጡ አቧራው በየቀዳዳው አይሳብም። በበጋ አቧራችን ይህ ቅንጦት አይደለም።

ፓወር ሰፕላዩ ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ አቅም ይኑረው፤ ጭነት ሲቀልለት ፋኑን የሚያቆም ዓይነት ቢሆን ደግሞ እሰየው። ከሀርድ ዲስክ ይልቅ ኤስኤስዲ፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ፋይል ሲከፍት አያንገራግርም።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይለምኑልኝ። ኬዙን ይዝጋው፣ ከባድ ሥራ ያስጀምረው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና አጠገቡ ቁጭ ብለው ያዳምጡ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።