የአምስት ኪሎዋት ሕግ

በእኛ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር በመዋጮ የገባ ነው። ኮሚቴ መርጠን፣ ደብተር ከፍተን፣ ከየቤቱ ለቅመን፣ እጅ ያጠረውን ጎረቤት ምሰሶ በመሸከም እንዲተባበር አድርገን ነው ያስገባነው። የበራ ዕለት ድፎ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቆመው መረቁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ።

ማን አቃጠለው ሲባል ሁላችንም ጣታችንን ወደ ብየዳ ቤቱ ቀሰርን። ብየዳ ቤቱ ወደ ዳቦ ቤቱ ጠቆመ። ዳቦ ቤቱ «እኔኮ ከሁላችሁ በላይ ነው ያዋጣሁት» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት የእኛም ቤት ምጣድ ተጥዶ ነበር፤ ያን ዕለትማ የውኃ ማሞቂያውም አብሮ በርቷል። የሰረቀ ማንም የለም። ሁሉም የከፈለበትን ነው የተጠቀመው። ስንት እንደምናዋጣ ሦስት እሑድ ተሰብስበን ተከራክረናል፤ ስንት እንደምንጠቀም ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ይህን ያስታወሰኝ ኤግ የምትባል ደሴት ናት። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ መቶ ገደማ ብቻ የሆኑ ትንሽ ደሴት። ለረጅም ዘመን መሬቷ በሙሉ የአንድ ባለርስት ነበር። ባለርስቱ ይለወጣል፤ ነዋሪው ግን ያው በሰው መሬት ላይ ነው። ጭሰኝነት ምን እንደሆነ ለኤግ ሰዎች ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅም ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ነዋሪዎቹ ከአካባቢው ምክር ቤትና ከአንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው፣ ከብዙ ለጋሾች ገንዘብ አሰባስበው፣ ደሴቲቱን በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዟት።

መሬቱን ሲይዙ መብራት አልነበራቸውም። ከዋናው ምድር በባሕር ሥር የሚመጣ መስመር የለም፤ አብዛኛው ቤት የራሱን የናፍጣ ጄኔሬተር እያንደቀደቀ ነበር የሚኖረው። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2008 ግን የራሳቸውን መስመር አበሩ። ከወንዞቻቸው የሚያመነጩ ሦስት የውኃ ተርባይኖች፣ አራት ትናንሽ የንፋስ ማማዎች፣ የፀሐይ ሰሌዳዎችና ባትሪዎች አሏቸው። ክረምት ዝናቡና ንፋሱ ይበረታሉ፤ በጋ ወንዙ ሲጎድል ፀሐዩ ይተካል። ናፍጣው አሁንም አለ፣ ግን ለክፉ ቀን ነው።

ቴክኖሎጂው ደግ ነው፤ በገንዘብ ይገዛል። እኔን ያስቀናኝ ሕጋቸው ነው። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ መሳብ የሚችለው 5 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ንግድ ቤት ደግሞ 10። ከዚያ ያለፈ ቤት መብራቱ ይጠፋል። መስመሩን የሚጠብቁት የደሴቲቱ ሰዎች መጥተው እስኪያበሩለትም በጨለማ ይቆያል። ሀብታም ነኝ፣ ብዙ አዋጥቻለሁ፣ ቤቴ ሰፊ ነው ማለት አይሠራም። ለጡረተኛዋም ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም ልኩ አስቀድሞ ታውቋል።

ለእኛ አንባቢ 5 ኪሎዋት ስንት እንደሆነ በምጣድ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በኤግ ሕግ እንጀራ እየጋገሩ ቡና ማፍላት ይቻላል፤ እንጀራ እየጋገሩ ውኃ ማሞቅና ልብስ ማጠብ ግን አይቻልም። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። እናቶቻችን በአንድ ምድጃ ሲያበስሉ ያደረጉት ይህንኑ አይደለም እንዴ?

ኃይል በሚያጥርበት ጊዜ ደግሞ እንደ ትራፊክ መብራት ያለ ምልክት አላቸው፤ ቀይ ሲሆን ሰው ሁሉ ቁጥብ ይሆናል። በተቃራኒው ንፋስና ዝናብ ሲበዛና ባትሪው ሲሞላ፣ የተረፈው ኃይል የመሰብሰቢያ አዳራሹንና አብያተ ክርስቲያናቱን ያሞቃል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኛ ዘንድ ቢሆን ትርፉ የማን ቤት ይሙቅ በሚለው ላይ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር።

የኤግ መብራት በወረቀት የኅብረት ሥራ ማኅበር አይደለም፤ የነዋሪዎቹ ባለአደራ ድርጅት የሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው። መንፈሱ ግን ከዚያው ቤት ነው። በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ሃያ ስምንት ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ንጹሕ ዱቄትና ቅቤ ለመሸጥ አንድ ሱቅ ሲከፍቱ የተከሉት ሥርዓት፣ የገንዘብ መጠን ሳይታይ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው፣ ዛሬ በእኛም አዋጅ ቁጥር 985/2009 ውስጥ አለ። ይኸው መንፈስ በኃይል ሥራም አለ፤ ኮፐንሃገን ወደብ ፊት ለፊት ባሕር ላይ የቆሙት 20 የንፋስ ማማዎች ግማሾቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ ከ8,500 በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ንብረት ናቸው። መጀመሪያ የታቀደው 27 ማማ በሦስት ረድፍ ነበር። ሕዝቡ ሲመክርበት «ይህማ የከተማችንን ባሕር ያበላሻል» አለና ቁጥሩ ቀንሶ እንደ ቀስት የጎበጠ አንድ ረድፍ ሆነ። የሕዝብ ቃል ሰምቶ ትርፉን የሚቀንስ ባለንብረት ማየት ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጸሐፊ «እኛኮ እድርና እቁብ ያለን ሕዝብ ነን፣ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አልስማማም። እድር የሚሠራው ሞት ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው ለሀብታሙም ለድሃውም ያው ነው፤ «እኔ ሁለት ጊዜ ልቀበር» የሚል አባል የለም። እቁብም እንዲሁ፣ ዕጣው ሁሉንም በተራ ያዳርሳል። ኤሌክትሪክ ግን እንደዚያ አይደለም። በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ አንዱ ከሌላው የበለጠ ሊስብ ይችላል፤ የሚስበውም አይታይም። ከእድር ልንወስድ የሚገባን ስሙን ሳይሆን የስም ጥሪውንና ቅጣቱን ነው። ለቀብር ያልመጣ አባል ይቀጣል፣ ደግሞም ተቆጥቶ አይወጣም።

ማኅበር የሚለው ቃል ራሱ ደግሞ ለብዙ ገበሬ ያልሻረ ቁስል ነው። በደርግ ጊዜ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ግባ ተብሎ በሬውንና መሬቱን ያስገባ ሰው፣ መንግሥት በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ማኅበሩን በአጭር ጊዜ አፍርሶ ድርሻውን ይዞ ሄደ። ማንም አልገፋውም፤ ቀድሞውኑ የእሱ አልነበረምና። ሌላው ዓለምም ከማስመሰል አልዳነም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 የንፋስ ኃይል ጨረታ ላይ ለዜጎች ማኅበራት የተለየ ዕድል ብትሰጥ፣ ካሸነፈው አብዛኛው በወረቀት «የዜጎች ማኅበር» ሆኖ ተገኘ፤ በብዙዎቹ ጀርባ ግን ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ሕጉን ወዲያው ማስተካከል ግድ ሆነ።

«5 ኪሎዋት ላደገ አገር ነው፤ እኛ ወፍጮ እንፈልጋለን፣ ፋብሪካ እንፈልጋለን» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ የኤግን ሦስት ተርባይኖች ከእሱ ጋር ማነጻጸር ያስቃል። ለግድቡ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ፣ እኮራበታለሁም። ግን ቦንድ ብድር ነው፤ ከወለዱ ጋር ይመለሳል፣ ድምፅ አይሰጥም። መስመሩ ሩቅ ለሆነበት ቀበሌ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ሰው መብራት ሲያልም፣ 35 ከመቶውን ከዋናው መስመር ውጪ ለማዳረስ ነበር ያቀደው። ዓመቱ አለፈ፣ ጨለማው ግን ገና ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ለእነዚያ መንደሮች የፀሐይ ሰሌዳ የሚሰጥ ድርጅት ሲመጣ፣ ሰሌዳውን ከመትከሉ በፊት ሰዎቹን አስቀምጦ «ስንት ትስባላችሁ? ባትሪው ሲያረጅ ከማን ኪስ ይወጣል? ወፍጮው በስንት ሰዓት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱም የእነሱ ይሁን። ቁጥሩ 5 ባይሆን 1 ወይም 20 ይሁን፣ ግድ የለኝም።

የእኛ ሰፈር ሁለተኛው ትራንስፎርመር መዋጮ ተጀምሯል። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የተለመደው ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ደብተሩ ከመከፈቱ በፊት አንድ አጀንዳ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ስንት ምጣድ በአንዴ ይጣዳል፣ ብየዳውስ በስንት ሰዓት ይሠራል? የእኛን ቤት ምጣድ ወደ ዓርብ ማታ ለማዞር እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ባለቤቴም ተስማምታለች።