ከፍታውስ አለን፤ ቡድኑ ወዴት ሄደ?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሄደ። ብስክሌት ሲባል ትዝ የሚለን የልጅነታችን የኪራይ ብስክሌት ብቻ የሆነው እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች በዚያ ሰሞን በድንገት ተንታኝ ሆነን ከረምን። የሩዋንዳን ኮረብታዎች የሚወጡትን ሴቶች እያየን «እኛስ?» ማለታችን አልቀረም። አንድ የመንዝ ተወላጅ ወዳጄ መልሱ በእጁ ነበር። «ኪጋሊ 1,500 ሜትር ላይ ሆና ፈረንጆቹ አየር አጠረን ይላሉ። እኛ ጓሳ አለን። አራት የመንዝ ልጃገረዶች ብስክሌት ላይ አውጥተህ እዚያ ብታሠለጥናቸው ማን ይደርስባቸዋል?» አለኝ።

ሐሳቡ እንደ ቀልድ ቢነገርም እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ብዙዎቻችን ስለ ስፖርት የምናስበው ልክ እንደዚሁ ነውና። ከፍታ ይኑር፣ ታታሪ የገበሬ ልጅ ትገኝ፣ የቀረውን ፈጣሪ ይጨምርበታል። በሩጫ ይህ ስሌት ሠርቶልናል። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ በሴቶች 5,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው ሲገቡ ያየ ሰው፣ አራት ኢትዮጵያውያት ምን ማድረግ እንደሚችሉ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ታዲያ አራቱ ሴቶች ብስክሌት ላይ ሲወጡ ስሌቱ ለምን ይፈርሳል?

ወዳጄ ሳያስበው «አራት» ማለቱ ጥሩ መነሻ ነው። በብስክሌት ስፖርት የቡድን ክሮኖ ሜትር የሚባል ውድድር አለ። ቡድኖቹ አንድ ላይ አይነሱም፤ በደቂቃዎች ልዩነት በየተራ ይለቀቃሉ፤ ዳኛው ሰዓት ነው። የአንድ ቡድን ልጆች ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው፣ ፊተኛዋ ነፋሱን እየሰበረች፣ ኋለኞቹ ከጀርባዋ እየተጠለሉ ይነዳሉ። ፊት ያለችው ጥቂት ሰከንዶች ጎትታ ጎን ትልና ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ተከታይዋ ትተካታለች። በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከሚወጣው ጉልበት አብዛኛውን የሚበላው አየር መግፋት ስለሆነ፣ ተጠልላ የምትነዳዋ ከጉልበቷ ሲሦውን ያህል ትቆጥባለች።

የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ደግሞ በአንደኛዋ አይደለም፤ እንደ ውድድሩ ደንብ በሦስተኛዋ ወይም በአራተኛዋ ነው። ስለዚህ እዚህ ጀግና መሆን ጥፋት ሊሆን ይችላል። ጉልበታሟ ልጅ ተራዋ ሲደርስ በስሜት ብትፈተለክ የደከመችው ከኋላ ትቀራለች፤ የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ግን በዚያችው በቀረችው ሊሆን ይችላል። የሄልሲንኪዎቹ አራት ልጆች ለአንድ ባንዲራ ቢሮጡም እርስ በርሳቸውም ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ወርቁ የአንዷ ነው። በክሮኖ ሜትር ግን አንዷ ብቻዋን ልታሸንፍ የምትችልበት መንገድ የለም። እርስ በርስ የመተዋወቅ ጉዳይ ነው። ፊት ያለችው ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ያለችው ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አለባት፤ ይህ ደግሞ በአንድ ወር ካምፕ አይገኝም።

«የቶኪዮዋን ኦስትሪያዊት ረሳሃት?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በኦሊምፒኩ የጎዳና ውድድር የሒሳብ ዶክተሯ አና ኪሰንሆፈር ያለ አንድ የቡድን ጓደኛ መጥታ፣ አራት ሆነው የተሰለፉትን ሆላንዳውያት ቀድማ ወርቁን ወሰደች። እውነት ነው። ግን እንዲህ ያለ ነገር በጎዳና ውድድር የሚሆነው ሌሎቹ ሲዘናጉ ነው፤ ሁለተኛ የወጣችው አነሚክ ፋን ቭሉተን እንኳ አንደኛ የሆነች መስሏት እጇን አንስታ ነበር የገባችው። በክሮኖ ሜትር የሚዘናጋ ሰዓት የለም።

ወደ ጓሳ ልመለስ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ነፋሱ አጥንት የሚገባ አገር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሲሦ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ለብስክሌተኛ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የሚገፋው አየር ይቀንስላታል። ጣሊያናዊቷ ቪቶሪያ ቡሲ እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ ሰዓት ውስጥ 50.267 ኪሎ ሜትር ነድታ ከ50 ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ሙከራውን ያደረገችው አገሯ ላይ ሳይሆን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሜክሲኮዋ አጉዋስካሊየንቴስ ነው። በሌላ በኩል ሳንባው የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። እንደ ጓሳ ባለ ቦታ ላይ የምትሠለጥን ልጅ በውድድር ቀን የሚያስፈልጋትን ጉልበት በልምምድ ልታወጣው አትችልም፤ ደሟ ይበረታል፣ እግሯ ግን ዝግታን ይለምዳል። የዘርፉ ባለሙያዎች «ከፍ ብለህ ኑር፣ ዝቅ ብለህ ሠልጥን» የሚሉት ለዚህ ነው። በእርግጥ ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ በሰዓታት ውስጥ መውረድ መቻሉ ለዚህ የተሠራ ያስመስለዋል። ወዳጄ ይህን ቢሰማ ካምፑን ዛሬውኑ ይጀምር ነበር።

የገረመኝ ግን የመንዝ ሰው ሆኖ በጓሳ ከፍታውን ብቻ ማየቱ ነው። ከፍታ ያላቸው ስንት ተራሮቻችን ተራቁተው ቀርተዋል! ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ባለመብቱ በድርሻው ያጭዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ሲያፈርሰው ሣሩም አብሮ ተጎዳ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከፍታው አንድ ሜትር አልቀነሰም።

የሴቶች ብስክሌታችንም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አገሪቱ ለስፖርቱ እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስንሄድ፣ ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞች አሰልፈናል። ከዚያ በኋላ የስፖርቱ እምብርት ትግራይ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው። ሴቶቹም በብዛት የወጡት ከዚያው ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የአፍሪካ የጎዳና ሻምፒዮና ባሕር ዳር ላይ ሲካሄድ የሴቶች የቡድን ክሮኖ ሜትርም በመርሐ ግብሩ ነበረበት። እነ ሰላም አምሃና እየሩ ተስፎም ገብሩ በዚያ ዘመን ከኤርትራና ከሩዋንዳ ልጆች ጋር ለሜዳሊያ የሚተናነቁ ነበሩ። ለዓመታት አብሮ የነዳ ትውልድ ነበረን ማለት ነው።

ከሃያ ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ተጀመረ። የሆነውን ለመረዳት ሁለት ኦሊምፒኮችን ማየት ይበቃል። ቶኪዮ ላይ በብስክሌት ኢትዮጵያን ወክላ የተሰለፈችው ሰላም አምሃ ብቻዋን ነበረች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ እየሩ በዚያው በሴቶች የጎዳና ውድድር ተሰለፈች፤ የለበሰችው ማሊያ ግን የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ነበር። ከዓለም አቀፉ ማኅበር የሥልጠና ማዕከል ስዊዘርላንድ ወጥታ ኑሮዋን ፈረንሳይ ካደረገች በኋላ ነው። አንዷ በአገሯ ስም ብቻዋን፣ ሌላዋ አገር በሌለው ስም። ጎማ ለጎማ የሚነዳ ቡድን እንዲህ ነው የተበተነብን።

በእኔ እምነት ግን ሁሉን በጦርነቱ ማሳበብ አይገባም። ጦርነቱ የበጠሰው ቀድሞውኑ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነገር ነበር። ስፖርቱ በአንድ ክልል፣ ያውም በጥቂት ክለቦች ላይ ተደግፎ መቆየቱ በሰላሙ ጊዜ ማንንም አላሳሰበም። ባሕር ዳር ብስክሌት የቤት ዕቃ የሆነባት ከተማ ናት፤ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም። ከገበያ ብስክሌት እስከ ውድድር ብስክሌት ያለው መንገድ ግን የሚጀምርበት በር ያስፈልገዋል። ሌላ ከተማ ላይ ደግሞ በሩ ጋ ከመድረሷ በፊት እናት ትቆማለች። ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ ስትወጣ ስለ ድንግልናዋ የሚጨነቅ ቤተሰብ ዛሬም አለ፤ የማይነገር ስለሆነ በጥናትም በዕቅድም አይገባም። ሯጯ በጨለማ ተነስታ ሜዳ ሄዳ ትመለሳለች፤ ብስክሌተኛዋ ግን መኪና በሚበርርበት አስፋልት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጠባብ ልብስ ለብሳ ነው የምትሠለጥነው።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። የሩጫ ጫማ አንድ ቤተሰብ ተቸግሮም ቢሆን ይገዛዋል። ለክሮኖ ሜትር የተሠራ ብስክሌት ግን በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ለምሳሌ 5,000 ዶላር ብንል፣ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ ምንዛሪ 285,000 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ500,000 ብር አለፈ። በአራት አባዙት። ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ መካኒኩ ገና አልተቆጠረም። የስፖርት መሣሪያ የቅንጦት ዕቃ መስሎ የሚታይበት አሠራር እስካለ ድረስ ይህ ሒሳብ አይወጣም።

ሩዋንዳስ እንዴት ተወጣችው? ሀብታም ስለሆነች አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አሜሪካዊው ጆናታን ቦየር በገነባው ቡድን ዙሪያ፣ ሙሳንዜ ከተማ ውስጥ ማደሪያ፣ መካኒክና ብስክሌት አንድ ግቢ ሆነው ልጆች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ተቋቋመ። ሙሳንዜ ጎብኚ ጎሪላ ለማየት የሚያልፍባት የተራራ ከተማ ናት፤ እኛ ጭላዳ ለማየት ወደ ጓሳ እንደምንሄደው። ልዩነቱ እዚያ ከተራራው ሥር የሚሠራ ቤት መኖሩ ነው።

ጊዜው ደግሞ ለቡድን የሚያመች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች የቡድን ክሮኖ ሜትር የሀብታም የንግድ ቡድኖች ጉዳይ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ኢንስብሩክ ላይ ካኒዮን ስራም አሸነፈ። ከ2019 ጀምሮ በምትኩ ቅልቅል ሪሌይ መጣ። ሦስት ወንዶች ይነዳሉ፤ እነሱ ሲገቡ ሦስት ሴቶች ይወጣሉ፤ ሰዓቱ የሚያዘው በሁለተኛዋ ሴት ነው። ብዙዎች የሴቶቹ ውድድር ተነጠቀ ብለው ቅር አላቸው፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ግን በሩን ያሰፋዋል ብዬ አምናለሁ፤ ተሰላፊው የአገር ቡድን ነውና። ወንዶችን ብቻ ያሠለጠነ አገር እዚህ መደበቂያ የለውም፤ ሁለት ሴቶች በጊዜ ካልገቡለት የወንዶቹ ድካም ከንቱ ነው። ኪጋሊ ላይም አውስትራሊያ ያሸነፈችው በስድስት ሰው ነው።

ታዲያ ለወዳጄ ምን ልበለው? ጓሳ ላይ ካምፕ አትሥራ እለዋለሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል ባየው ግጭት ልጆችን በዚያ መንገድ ላይ ብስክሌት አስይዞ ማሰማራት የሚደፍር አሠልጣኝ አላውቅም። ሰላም ሲሆንም መጀመሪያው ደብረ ብርሃን ነው፤ 2,800 ሜትር ከፍታ ይበቃል፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ አለ። አራት ሳይሆን ስምንት ልጆች ያስፈልጋሉ፤ አንዷ ትታመማለች፣ አንዷ ታገባለች፣ አንዷ ትምህርቷን ታስቀድማለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ተራ የኮርስ ብስክሌት ይበቃቸዋል፤ ተራ መጠበቅንና መጠለልን ለመማር ውድ ጎማ አያሻም። ጓሳ ለእረፍት ሳምንታት ይሁን። ወጪውን ክልሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና አንድ ባንክ ቢካፈሉት ከአንድ የእግር ኳስ ክለብ የፊርማ ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ባሕር ዳር ላይ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መንገድ ዳር ቆመው ያጨበጨቡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረዶች በ2018 አሥራ ዘጠኝ ሞላቸው። የዓለም አቀፉ ማኅበር የጁኒየር ምድብ በ18 ዓመት ያበቃል።