ስልኩ በአረጋውያኑ እጅ ይቆይ፦ የመስማት አቅም መዳከምና የስልክ ንግግር በአማርኛ

በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የመስማት አቅማቸው ለደከመ አባት ወይም እናት ስልክ ሲደወል የሚሰጠው እርዳታ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ደዋዩ ይጮኻል፣ ወይ አጠገባቸው ያለ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ በእነርሱ ፈንታ ይነጋገራል። ሁለቱም ከቅንነት የሚመነጩ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው የችግሩን ምንነት የሳተ ሲሆን፣ ሁለተኛው ችግሩን «የሚፈታው» አረጋዊውን ከንግግሩ በማስወጣት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ መልካም እርዳታ ማለት ስልኩ በአረጋዊው እጅ እንዳለ የሚደረግ እርዳታ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለውን እርዳታ ለመስጠት ደግሞ የጆሮውን፣ የመስመሩንና የቋንቋውን ጠባይ አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት መቀነስ አለባቸው። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ የስልክ ጥቅም ከመነጋገር አልፏል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ልጆቻቸው በዋሽንግተን፣ በቤይሩት ወይም በቴል አቪቭ ለሚኖሩ ወላጆች ደግሞ የልጅ ድምፅ የሚደርሰው በዚሁ መሣሪያ ብቻ ነው።

ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም

በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት መዳከም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ፣ ማለትም ከፍተኛ ድግግሞሽ ካላቸው ድምፆች ነው። የአናባቢዎች ጉልበት በአመዛኙ በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ ስለሚያርፍ እነርሱ ለረጅም ጊዜ ይሰማሉ። አየር በጠባብ ክፍተት እያፏጨ የሚፈጥራቸው እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ተናባቢዎች ግን ቀድመው ይደበዝዛሉ። አረጋውያን «ድምፅህስ ይሰማኛል፤ የምትለው ነው የማይገባኝ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ስልክ በዚህ ጉድለት ላይ ሌላ ጉድለት ይጨምራል። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ የ«ስ» ጉልበት ግን በአብዛኛው ከ4000 ሄርዝ በላይ ነው። ስለዚህ ጆሮ ያዳከመውን ክፍል መስመሩ ጨርሶ ይቆርጠዋል። በአካል ሲነጋገሩ የሚያግዘው የከንፈርና የፊት እንቅስቃሴም በስልክ አይታይም። ቤት ውስጥ ያለ ችግር የሚጫወቱ አዛውንት በስልክ ግራ የሚጋቡት ስለሰነፉ ወይም ልባቸው ሌላ ቦታ ስለሆነ አይደለም።

መጮኽ ይህን አይጠግንም። ጩኸት ይበልጥ የሚያጎላው አናባቢዎችን ነው፤ እነርሱ ደግሞ ቀድሞም አልጠፉም። ከዚህም በላይ የውስጠኛው ጆሮ ሲጎዳ፣ ለመሰማት በሚበቃው ድምፅና ጆሮን በሚያሳምመው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ይጠብባል። ደዋዩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ምነው ትጮኽብኛለህ?» የሚሉት አዛውንት እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር እየተናገሩ አይደለም፤ ቀስ ያለው አልተሰማቸውም፣ የጮኸው አሟቸዋል።

አማርኛ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በውጭ አገር ለተዘጋጁ የመሰሚያ ምክሮች ያልታሰቡ ሁለት ነገሮች በአማርኛ አሉ። የመጀመሪያው የቁጥሮች ስም ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ውስጥ ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባትና ስምንት የሚጀምሩት ስልክ በሚያጠፋው በዚያው ድምፅ ነው። ከአሥር ቤቶቹም ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባና ሰማንያ እንዲሁ ናቸው። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» ጭራሽ ተናባቢዎቻቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው አናባቢ ብቻ ነው። የሐኪም ቀጠሮ፣ የገንዘብ መጠንና የስልክ ቁጥር በሙሉ በእነዚህ ስሞች የሚነገሩ በመሆናቸው፣ ስህተቱ የሚደርሰው እጅግ በሚጎዳበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥርን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ማለፍ አይገባም። «ስልሳ፣ ከሃምሳ ቀጥሎ ያለው» እንደማለት በሌላ መንገድ መድገም፣ አድማጩም መልሰው እንዲናገሩት መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ይህ ልዩነት የተመሠረተው በድምፁ ርዝማኔ ላይ በመሆኑ በጠባብ መስመርም ቢሆን በመጠኑ የመትረፍ ዕድል አለው። ነገር ግን ብዙ ደዋዮች ለመርዳት ሲሉ ቃሉን በየፊደሉ እየቆራረጡ ይናገራሉ። ቃል ሲቆራረጥ የጠበቀውም የላላውም አንድ ይሆናል፤ አድማጩ ከነበራቸው ጥቂት ምልክት አንዱ በእርዳታ ስም ይወሰድባቸዋል። የሚመከረው ቃሉን በተፈጥሯዊ ቅርጹ፣ ረጋ ባለ አነጋገር ማሰማትና በሐረግና በሐረግ መካከል ቆም ማለት ነው።

ሰላምታና «እሺ»

የአማርኛ የስልክ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከራስ ጤና ተነሥቶ እስከ ልጆች፣ ጎረቤትና ከብት ይደርሳል። ጥያቄውም መልሱም የታወቀ ስለሆነ ጆሯቸው የደከመ ሰው ያለ አንዳች መሰናክል ያካሂዱታል። በዚህ ምክንያት ሰላምታው ችግሩን ይሸፍናል፤ ደዋዩ «ደህና ይሰማሉ» ብሎ ይደመድምና አዲሱን ወሬ በጥድፊያ ያወርደዋል። ሆኖም ሰላምታውን ማሳጠር መፍትሔ አይሆንም። አድማጩ የደዋዩን ድምፅና የመስመሩን ሁኔታ የሚላመዱት በዚያ ጊዜ ነው። የሚያስፈልገው ከሰላምታ ወደ ጉዳይ የሚደረገውን ሽግግር በግልጽ ማስታወቅ ነው፤ «አሁን የምነግርዎ ስለ አበበች ሠርግ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ የሚመጡትን ቃላት ለመገመት ያስችላል።

«እሺ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። ሦስት ጊዜ «አቤት?» ያሉ አዛውንት ለአራተኛ ጊዜ ላለማስቸገር «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ይህ ጨዋነት እንጂ የመረዳት ማረጋገጫ አይደለም። ስለዚህ «ተሰማዎት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ታዲያ በስንት ሰዓት ይነሣሉ?» የሚል፣ በ«እሺ» የማይመለስ ጥያቄ ማቅረብ ይገባል።

መሣሪያን በሚመለከት የሚባለው አጭር ነው። ጆሮ በደረቀ ኩክ መደፈኑን በጤና ተቋም ማስመርመር ከማናቸውም ግዢ ይቀድማል። በድንገት የመጣ መስማት አለመቻል ደግሞ ሳይዘገይ ሐኪም የሚታይ ነው። በሁለቱም ጆሮ የሚሰማ ማዳመጫ በአንድ ጆሮ ከማዳመጥ ይሻላል። ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ስልኩን ወደ ጆሮ ቀዳዳ ሳይሆን ወደ መሣሪያው ማይክሮፎን ማስጠጋት አለባቸው። ብዙዎቹ የኢንተርኔት መደወያ መተግበሪያዎች ከተለመደው መስመር የሰፋ ድግግሞሽ ስለሚያስተላልፉ፣ ግንኙነቱ እስካልተቆራረጠ ድረስ ተናባቢዎችን ይበልጥ ያሰማሉ። በምስል ሲሆን ደግሞ ብርሃን በደዋዩ ፊት ላይ ካረፈ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ይመልሳሉ።

አጋዥ እንጂ ወኪል አይደለም

በመሐል የሚገባ ዘመድ አስፈላጊ ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ ክብደትም አለው። ማንበብ ለማይችሉ አዛውንት የጽሑፍ መልእክት አማራጭ አይሆንም፣ የመስሚያ መሣሪያ ዋጋም ከብዙዎች አቅም በላይ ነው። ልጅ ለወላጅ ጆሮ መሆኑም የሚያስመሰግን ባህል ነው። ጥያቄው የዘመዱ መኖር አይደለም፤ የሚይዘው ቦታ ነው። አጠገብ ተቀምጦ የተባለውን ለአረጋዊው የሚደግም ሰው አጋዥ ነው፤ መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድና ሲመለስ «ምንም አይደለም፣ ደህና ናቸው» የሚል ሰው ግን ወኪል ሆኗል፤ ማንም ግን አልወከለውም።

በዚህ መንገድ ብዙ ነገር ይጠፋል። የገንዘብ ምሥጢር ቁጥር የቤተሰብ ሀብት ይሆናል፤ የሕመም ውጤት ከባለቤቱ በፊት በልጅ ልጅ ይታወቃል፤ የወዳጅ ሞት ከቀብር በኋላ ይነገራል። ከሁሉ በላይ ደዋዮቹ ራሳቸው ቀስ በቀስ አረጋዊውን መጠየቅ ይተዋሉ። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ባወጣቸው ሪፖርቶች የመስማት መቀነስን ሊቀነሱ ከሚችሉ የአእምሮ መዘንጋት አጋላጮች መካከል መድቦታል። ከሰው ጨዋታ መገለል ግንኙነቱን ከሚያስረዱ መንገዶች አንዱ እንደሆነም ይታመናል። ስልክ ከእጅ መውጣቱ እንግዲህ ቀላል የቤት ውስጥ ጉዳይ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

ከተቋማትና ከምርምር የሚጠበቀው

ሸክሙ በቤተሰብ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ ስልኮች ከመስሚያ መሣሪያ ጋር እንዲጣጣሙ አስገድዳለች። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መረጃና ግንኙነት ተደራሽ እንዲሆኑ ያዝዛል። ከዚህ ግዴታ ተነሥቶ ባንክ፣ ሆስፒታልና የቴሌኮም ድርጅት ደንበኛው እንዴት ሊነገረው እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠይቆ መመዝገብ ይችላል። የጥሪ ማዕከል ሠራተኞችን ረጋ ብለው እንዲናገሩና ቁጥርን በሁለት መንገድ እንዲያሰሙ ማሠልጠንም ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ሜዳው ክፍት ነው። የአማርኛ ቃላትን ቀርጾ፣ ድምፁን ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ አጥቦ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ አድማጮች በማሰማት የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚምታቱ፣ መጥበቅና መላላት ምን ያህል እንደሚተርፍ፣ የንግግር ፍጥነትና የቆምታ ቦታ ምን እንደሚለውጥ መለካት ይቻላል። ሥራው የቋንቋ ጥናትን፣ የጆሮ ሕክምናንና የኤሌክትሪክ ምህንድስናን ያገናኛል፤ የሚጠይቀው መሣሪያም በአንድ ኮምፒውተርና በጥሩ ማዳመጫ የሚጀመር ነው። ውጤቱ ለጥሪ ማዕከል መመሪያ፣ ለቤተሰብም ምክር ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ማንኛውም ደዋይ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው አለ፦ ሳይጮኽ መናገር፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ቁጥሩን ደግሞ ማሰማት፣ መልሱንም ከራሳቸው ከአረጋዊው አንደበት መጠበቅ።