ገጹን በመዳፍዎ ሸፍነው ይጠይቁት
ለአንደኛ ክፍል ወላጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢዬ፤

ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ካስገቡ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለእርስዎ ነው።

ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር የሰፈሬ ሰው «ጥሩ ትምህርት ቤት የትኛው ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ብዙ ዓመት አንደኛ ክፍል ስላስተማርኩ መልሱ በእጄ ያለ ይመስለዋል። ወላጆች አጥሩ በሥዕል ያሸበረቀውን፣ ዩኒፎርሙ ያማረውን፣ ሕፃናቱ በር ላይ በእንግሊዝኛ ሰላም የሚሉበትን አይተው ልባቸው ወደዚያ ያደላል። አልፈርድባቸውም፤ ከውጭ የሚታየው ይኸው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እዚህ ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ሲያነብ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው አለ ወይ?

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ገጠር ነው። የትምህርት ቤት ደረጃው ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይል ነበር፤ እኔ የተሰጡኝ 71 ነበሩ። ትምህርቱ ሰልፍ ኮንቴይንድ በመሆኑ አማርኛውንም ሒሳቡንም የማስተምራቸው እኔው ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ በማስመሪያ እየጠቆምኩ አነባለሁ፣ እነሱ ይከተሉኛል። «ሁላችሁም!» ስል የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪነዝር ያስተጋባሉ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጦ ሰምቶን፣ አመስግኖኝ ሄዷል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ልጅ ጠርቼ ብቻውን እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ገጹን አንዲት ፊደል ሳይስት ተወጣው። ሲያነብ ግን ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። ደነገጥኩ። የላይኛውንና የታችኛውን መስመር በሁለት መዳፌ ሸፈንኩና መካከል ላይ አንዲት ቃል ብቻ ተውኩለት። «ይህችስ?» አልኩት። ቃሏን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከገጹ መጀመሪያ ጀምሮ መድገም ያዘ። በቃሉ እየወረደ እዚያች ቃል ላይ ሊደርስ ነበር የሚሞክረው።

በዚያ ሳምንት ሁሉንም አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ብዙዎቹ እንደሱ ነበሩ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ያስተማርኳቸውን አሳምረው ይዘዋል። ያስተማርኳቸው ግን ዜማ እንጂ ንባብ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የአንዱንም ልጅ ድምፅ ለይቼ ሰምቼው አላውቅም።

የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ያውቁት ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የገቡ ከሆነ ያስታውሱታል። ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ፣ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ይቆጥራል። ሲደጋግመው አፉ ይለምዳል፤ ስንደዶው ወዲያ፣ አፉ ወዲህ ቢሄዱም ከዜማው አይወጣም። መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከገዛ ቤቱ ወጥቶ፣ አንዱ ግዕዝ፣ ቀጣዩ ካዕብ፣ ከዚያ ሣልስ እየሆነ ተደባልቆ ይቀርባል። ያን ጊዜ የሀሁ ዜማ አያግዝም፤ ዓይን የግድ ፊደሉን ማወቅ አለበት። ልጁ ተራው ሲደርስ የኔታ ፊት ቀርቦ ብቻውን ይላል። ካልያዘው ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ይዞት ያስቆጥረዋል። የክፍል ቁጥርና የፈተና ወረቀት በሌለበት፣ ማን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀ በየዕለቱ የሚታወቅበት ትምህርት ቤት ነበር።

የልምጩን ዘመን እያወደስኩ አይደለም። የፈራ ልጅ «አልገባኝም» አይልም፤ ያላለውን ደግሞ ማንም አያስተካክልለትም። ልጅ ተሳስቶ የማይሳቅበት፣ የማይገረፍበት ቦታ ለንባብ የግድ ያስፈልገዋል። እኔ የምፈልገው የየኔታን ጆሮ ነው። ይህ ጆሮ ዛሬ የጎደለን ይመስለኛል።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። በዚያ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ፣ ያውም በተማሩበት ቋንቋ፣ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዓመታት በኋላ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ መሆኑን ሰምተን አገር ተንጫጫ። ኩረጃው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ሁለተኛ ደረጃው ተወቀሰ። እነዚያ ልጆች ክፍል ሳይደግሙ መጥተው ከሆነ በ2004 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ነበሩ። ያን ጊዜ ማን አዳመጣቸው? ማንበብ ያልያዘ ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ኅብረተሰብም ሳይንስም ይዘጋበታል፤ ሁሉም በጽሑፍ ነውና።

ስለዚህ በትምህርት ቤቶቻችን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመምህር ድልድሉ ነው። ጎበዝ የተባለው መምህር ወደ ስምንተኛ ክፍል ይላካል፤ የሚኒስትሪ ፈተና አለና ውጤቱ ይታያል። አንደኛ ክፍል ለጀማሪው፣ ለደከመው፣ አንዳንዴም ለተቀጣው ይተዋል። አንድ ርዕሰ መምህር «ለሀሁ ማን ያንሳል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ርዕሰ መምህር ብሆን ከሁሉ የበረታውን፣ ከሁሉ ትዕግሥት ያለውን አንደኛ ክፍል አስገባው ነበር፤ ደመወዙንም እጨምርለት ነበር።

ክፍሉ ሰፊ ከሆነ እንዴት ይቻላል ቢሉኝ፣ ያደረግሁትን ልንገርዎ። በቀን ስድስት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አንዱ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል። 71 ልጅ በ12 የትምህርት ቀን ያልቃል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በአንድ ደብተር ከየስሙ ጎን የከበደውን ፊደል እጽፋለሁ፦ አንዱ «ኀ»ን ከ«ነ» ይቀላቅላል፣ አንዷ ሣልሱን ከኃምስ አትለይም። የያዙት ያልያዙትን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያስቆጥራሉ። የእረፍት ሰዓታቸውን ግን አልነካሁም፤ ሩጫውም ትምህርት ነው።

ሌላውም ነገር አይቀልም። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ይደፋል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር እንደ መምህር እጅግ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ውኃና ሴቶቹ ሳይሳቀቁ የሚገቡበት መጸዳጃ ቤትም ያስፈልጋል። ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ዛሬ ማታ ልጅዎ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ ገጹን ሙሉውን አያስነብቡት። ላይና ታቹን በመዳፍዎ ይሸፍኑና ከመካከሉ አንዲት ቃል ያሳዩት። ሥዕሉም ይሸፈን። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከሆኑም ይቻላል፤ ዓይኑን አይተው ያውቁታል፤ ያነበበ ልጅ ቃሏን ያያል፣ ያላወቀው ፊትዎን ያያል። ካላወቀ አይቆጡት። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ነገ ጠዋት መምህሯ ዘንድ ይሂዱና «ልጄን ብቻውን ሲያነብ የሰሙት መቼ ነው?» ብለው በአክብሮት ይጠይቋት። ጊዜ አጣሁ ካለችዎ እውነቷን ነው፤ ወደ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ይግቡና ክፍሉ እንዲከፈል፣ ረዳት እንዲመደብላት ከእሷ ጋር ሆነው ይጠይቁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ ዩኒፎርም ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ከወላጅ አፍ ሲወጣ የሰማሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ያ የሦስተኛው ረድፍ ልጅ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ብቻውን ያነባት የመጀመሪያ ቃል «በሬ» ነበረች። ካነበባት በኋላ እጄን ከገጹ ላይ በራሱ እጅ አንስቶ የሚቀጥለውን ፈለገ።

አክባሪዎ፣
የአንደኛ ክፍል መምህር