ወጀብ ሲመጣ ቤት ውስጥ

ግንቦት ተጋምሶ ሰኔ ሲቃረብ በጣና ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ዐይኑን ወደ ሰማይ መጣል ይጀምራል። ጧት ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ቀትር ላይ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ደመናው ይጠቁርና ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራ እያስነሣ ከተፍ ይላል። ያን ጊዜ በባሕር ዳር፣ በሹም አቦ ሰፈር፣ በየግቢው የሚሰማው ጥሪ አንድ ዐይነት ነው። «ልብሱን አንሡ! በርበሬውን አስገቡ! ልጆቹስ የት ናቸው?»

በውጭ አገር ዜና የምንሰማው ሀሪኬን የተባለው ታላቅ አውሎ ነፋስ ጣና ድረስ አይመጣም። ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቀ የውቅያኖስ ውሃ ስለሆነ የብስ ላይ ሲወጣ እየደከመ ይሄዳል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ የሶማሌላንድን ጠረፍ ሲመታ ወደ አገራችን የዘለቀው በሶማሌ ክልል በዝናብና በጎርፍ መልክ ነበር። ከዚያ በፊት በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሀርቪ የተባለው ሀሪኬን ቴክሳስን ሲመታ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የሂዩስተን ከተማ በውሃ ተጥለቅልቃ ነበር። ለሀሪኬን ግን ስም ወጥቶለት፣ መንገዱ ተገምቶ፣ ሕዝቡ ውሃና ስንቅ እንዲያዘጋጅ ከቀናት በፊት ይነገረዋል። የጣናው ወጀብ ስምም ቀጠሮም የለው፤ እንጀራው ምጣድ ላይ እንዳለ ይደርሳል።

መነሻውም ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውሃ ነው። ቀን ሲግል የዋለው አየር እርጥበቱን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ደመናው ይቆለላል፤ ከዚያ በረዶው፣ ነጎድጓዱና መብረቁ ይከተላል። ቀድሞ የሚደርሰን ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው የወረደ ስለሆነ እንደ መልእክተኛ ልንቆጥረው ይገባል። እሱ ሲነፍስ ልጆች ከሐይቁ ዳርና ከዛፍ ሥር መነሣት አለባቸው። የባሕር ዳር ዘንባባና ዋርካ ለፀሐይ መልካም ጥላ ነው፤ ለመብረቅ ግን መጠለያ አይደለም።

ቤት ከገባን በኋላስ? ቴሌቪዥኑንና ምጣዱን ከሶኬት መንቀል፣ ከበርና ከመስኮት መራቅ፣ በቧንቧ ውሃ አለመታጠብ፣ ከግድግዳ ይልቅ መኻል ቤት መቀመጥ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል እየተባለ ልጆቹን ልብስ ማስቀየር ሲነገር የኖረ ነገር ነው፤ መብረቅ ግን ቀለም አይመርጥም። ከዚህ የሚብሰው የተመታ ሰው አይነካም የሚለው ነው። የተመታ ሰው አካል ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም፤ ፈጥኖ የሚረዳው ካገኘ ሊተርፍ ይችላል።

ሕፃናቱ ከፈሩ ብልጭታውን አይተው እስከ ነጎድጓዱ ድረስ እንዲቆጥሩ አድርጉ። ሦስት ሰከንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ነው። ዘጠኝ ከቆጠሩ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወርዷል ማለት ነው። ልጅ ሲቆጥር ለቅሶውን ይረሳል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ደጅ አይውጡ።

ጸሎትን በተመለከተ፣ ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር «አቦዬ ድረሱ» የሚሉትን እናቶች እንደ ኋላ ቀር የሚያዩ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ከነሱ ጋር አልስማማም። በአንድ ግቢ አንዷ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም፣ ግድግዳ የምትጋራት ሙስሊም ጎረቤቷ «ያ አላህ» ስትል፣ ልጆቹ ከሁለቱም ቤት የሚያዩት የእናታቸውን ፊት ነው። ፊቷ ከተረጋጋ እነሱም ይረጋጋሉ። ነገር ግን እየጸለዩ በሩን ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል አለ፤ ይህን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

በፋብሪካ የምትሠራ አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። መብራት ጠፍቶ፣ በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ብርዱ ስለ በረታባት የቡናውን ከሰል ምድጃ አስገብታ በሩን ዘጋች፤ የበሩን ሥርም በጆንያ ደፈነች። ልጆቹን አቅፋ ስትጸልይ ቆየች። ራሷን ያማት ጀመር፤ ድካም ነው አለች። ትንሿ ልጅ ዝም ስትል እንቅልፍ ወሰዳት ብላ ደስ አላት። በዚህ መኻል በሩ ተደበደበ። የጓሮ ጎረቤቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ» የሚላቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ ነፋሱ ጣሪያቸውን ገልጦባቸው፣ በነጠላቸው ተጠቅልለው ውሃ እየተንጠባጠበባቸው መጡ።

«ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት። በሩን እንደምንም ከፈተችላቸው። ቀዝቃዛው አየር ገባ። እሜቴ ምድጃውን ሲያዩ «ልጄ፣ ምን ነካሽ?» ብለው እሳቱን በጨርቅ ይዘው ወደ ዝናቡ ወረወሩት። ልጆቹን አንድ በአንድ እየቀሰቀሱ ወደ በሩ አመጧቸው። ትንሿ ቆይታ አስመለሳትና አለቀሰች።

«ሰው ሁሉ እሜቴን ስላስጠጋሽ እግዜር ይስጥሽ ይለኛል» አለችኝ እናትየዋ። «ያስጠጉን እሳቸው ናቸው እንጂ። የሳቸውን ጣሪያ የወሰደ ነፋስ ለኛ አየር ይዞ መጣ። ተመስገን ስል የሳቸው ጣሪያ ትዝ ይለኝና አፍራለሁ።»

የከሰል ፍም ጭሱ ከጠፋ በኋላም አደገኛ ነው። ፍሙ የሚያወጣው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የአየሩን ቦታ ይወስዳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ይህ የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ልጆችን አንድ አልጋ ላይ ሰብስቦ መተኛት ይሻላል። ፍም የግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ይቅር።

የዚያች እናት አመሰጋገን በአፏ ብቻ አልቀረም። ሲነጋ ከእሜቴ ጣሪያ የበረሩት ቆርቆሮዎች አንዱ አጥር ላይ፣ ሌላው ሦስተኛ ግቢ ውስጥ ተገኙ። የዕቁብ ተራዋ ደርሶ ስለነበር ለምስማርና ለአንድ ወራጅ የሚሆነውን ከፈለች፤ ሙስሊሟ ጎረቤት ደግሞ ወንድሟን ከነመዶሻው ላከች። እሜቴ ቡናውን አፈሉ፤ የከሰሉ ምድጃም በዚያ ቀን የተቀመጠው ደጅ፣ ከጓሮው በር ውጭ ነበር። ጣሪያው ላይ ሊወጣ የቸኮለውን ልጅ «ቆርቆሮው ይድረቅ፣ የተበጠሰ ሽቦም እንዳለ መጀመሪያ እዩ» ብለው ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው።