«ገለልተኛ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የመጠይቆቻችን መካከለኛ ምርጫ ሲፈተሽ

በማኅበራዊ ሳይንስም ሆነ በግብርና ኤክስቴንሽን ዘርፍ የመመረቂያ ጥናት የምናካሂድ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለአምስት ደረጃ መጠይቅ እናዘጋጃለን፦ «በጣም አልስማማም»፣ «አልስማማም»፣ «ገለልተኛ»፣ «እስማማለሁ»፣ «በጣም እስማማለሁ»። ለመካከለኛው ምርጫ 3 ነጥብ እንሰጣለን፤ ከሌሎቹ ጋር ደምረንም አማካይ እናወጣለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ «ገለልተኛ» የሚለው ቃል ይህን ቦታ ሊይዝ አይገባም የሚል ነው።

ጥያቄው የተነሣብኝ በአዘና ከተማ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ አርሶ አደሮች አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለማከም ያላቸውን አመለካከት ለማጥናት የሙከራ መጠይቅ በማስሞላበት ወቅት ነው። «ኖራ የማሳዬን ምርት ይጨምራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳነብላቸው አንድ አባት «ገለልተኛ» የሚለውን መረጡ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ «ልጄ፣ እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም፤ ከማንም ጋር መነካካት አልፈልግም» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቡና ስንጠጣ ግን ሐሳባቸውን ዘርዝረው ነገሩኝ። ኖራው የደረሳቸው ከዘር በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለውጥ አላዩም፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ስንዴው ተሻሽሏል። የሚቸግራቸው ጭነቱና ማጓጓዣው ነው። እኒህ ሰው አመለካከት አልጎደላቸውም፤ በወረቀቱ ላይ ግን 3 ቁጥር ብቻ ሆነው ቀሩ።

ስሕተቱ የእርሳቸው አይደለም። «ገለልተኛ» የሚለው ቃል «ገለል አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዞር ያለ፣ ከመንገድ የወጣ፣ ከነገሩ የራቀ ማለት ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠቀሙበት ቃል መነሻ የሆነው የላቲን «ኔውተር» ግን «ከሁለቱ አንዱንም ያልሆነ» የሚል ፍቺ አለው። የላቲኑ ቃል ስለ ሁለት አማራጮች ይናገራል፤ የአማርኛው ቃል የሰውየውን አቋቋም ይናገራል። አንዱን በሌላው ስንተረጉም ጥያቄው ራሱ ይለወጣል፤ «ሐሳብህ የት ላይ ነው?» የነበረው «በጉዳዩ ትገባለህ ወይስ ገለል ትላለህ?» ይሆናል። እኒያ አባት የመለሱት ሁለተኛውን ነው።

ቃሉ በየሙያው የሚሰጠውን አገልግሎት ብንመለከት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሐሳቦችን እናገኛለን። የመጀመሪያው ሚዛን ነው። በኬሚስትሪ ፒኤች 7 የሆነ ውኃ ገለልተኛ የሚባለው የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አየኖቹ እኩል ስለሆኑ እንጂ ስለሌሉ አይደለም። አሲዳማ መሬትን ወደዚያ ማቅረብም ዳር መቆም ሳይሆን ኖራ መጨመር፣ ማለትም ጣልቃ መግባት ነው። ሁለተኛው ባዶነት ነው፤ ስለ ጉዳዩ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ወደየትም የሚያዘነብል ሐሳብ የለውም። ሦስተኛው መገለል ነው፤ ሐሳብ እያለ ከመናገር መቆጠብ።

ይህን ልዩነት ሌሎች ዘርፎች ቀደም ብለው አስተውለውታል። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጃቸው መሠረታዊ መርሆች ገለልተኝነትን ከአድልዎ ነፃ ከመሆን ለይቶ፣ ሁለቱን እንደየራሳቸው መርህ አስቀምጧል። በዲፕሎማሲ ረገድም በአማርኛ «የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ» የምንለው ስብስብ በ1961 እ.ኤ.አ. ቤልግሬድ ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተወክላ ተገኝታለች። ይህችው አገር ከዐሥር ዓመት በፊት የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ልካ ነበር። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ያለው «ገለልተኛ» ከዓለም ጉዳይ መራቅን ሊያመለክት አይችልም፤ ከኃያላኑ ጎራዎች ለአንዱ አለመታሰርን እንጂ።

ወደ መጠይቁ ስንመለስ፣ ሬንሲስ ሊከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የመካከለኛው ምርጫ ስያሜ «አልወሰንሁም» የሚል መንፈስ ያለው ነበር። ያ ቢያንስ ስለ ሐሳብ የሚናገር ቃል ነው። እኛ ግን ሚዛንን፣ ባዶነትንና መገለልን በአንድ ቃል ጠቅልለን ለሦስቱም 3 ነጥብ እንሰጣለን። የመጀመሪያው በእርግጥም መካከል ላይ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ከነጭራሹ በመለኪያው ላይ የሉም። እነርሱን ደምሮ የወጣ አማካይ የአርሶ አደሩን አመለካከት አያሳይም። በዚህ አማካይ ተመርቶ «የአካባቢው ሕዝብ ለኖራ ግድ የለውም» የሚል ድምዳሜ ቢጻፍ፣ የማጓጓዣው ችግር ሳይታይ ይቀራል።

በአዊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ። በአማርኛ የተጻፈው መጠይቅ ብዙ ጊዜ በመረጃ ሰብሳቢው አማካይነት በቃል ወደ አዊኛ ይመለሳል። ስምምነት የተደረሰበት የጽሑፍ ትርጉም ከሌለ ሰብሳቢው ሁሉ የየራሱን ቃል ይመርጣል፤ አንዱ ወደ «አላውቅም»፣ ሌላው ወደ «አልገባበትም» ሊያዘነብል ይችላል።

መካከለኛውን ምርጫ ጨርሶ ማስወገድ ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህ ግን በእርግጥም ሐሳቡ የተከፈለበትን ሰው ያለፈቃዱ ወደ አንዱ ወገን ይገፋል። ሌሎች ደግሞ «ገለልተኛ» የተለመደ ቃል ስለሆነ ተጠያቂው ይረዳዋል ይላሉ። የተለመደው ግን ለእኛ ነው፤ በየጥናቱ ስላየነው ለምደነዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መካከለኛው ምርጫ «በከፊል እስማማለሁ፣ በከፊል አልስማማም» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» ከመለኪያው ውጭ ይቀመጡ፤ ነጥብ ሳይሰጣቸው ብዛታቸው ለብቻው ይገለጽ። «መመለስ አልፈልግም» የሚለው ሲበዛ ራሱ ግኝት ነው፤ ስለ መተማመን ይናገራልና። ሦስተኛ፣ የአዊኛው ትርጉም አስቀድሞ ይጻፍ፤ በሌላ ሰው ወደ አማርኛ ተመልሶም ይፈተሽ።

እኔም መጠይቄን በዚሁ መልክ አስተካክዬ እንደገና ወደ አዘና እሄዳለሁ። እኒያ አባት አሁንም መናገር ባይፈልጉ መብታቸው ነው፤ ዝምታቸውን ግን ሐሳብ አድርጌ አልቆጥርባቸውም።